ለበዓል አዳማ ለምትመጡ፦ ሰዓቱ እየሄደ ነው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ 17 ዓመት የሆስፒታል አስተርጓሚ ነበርኩ። አሁን በጋውን አዳማ ነው የማሳልፈው። በየገናው ስትመጡ አያችኋለሁ። ሻንጣችሁ በሽቶና በጫማ ተሞልቶ፣ ሆቴሉ በእናንተ ጫጫታ ደምቆ። ተዝናኑ፣ ማን ከለከላችሁ? ግን ስለ ኤችአይቪ አንድ ነገር ስሙኝ።

1. ክፍያ

አሜሪካ ያላችሁ፣ አብዛኛው ኢንሹራንስ ፕሬፕን፣ ማለትም ኤችአይቪ እንዳይዝ ቀድሞ የሚወሰደውን መድኃኒት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ የአባላዘር ጤና ክሊኒክ ሄዳችሁ በነጻ ትወስዳላችሁ። አለቀ።

2. ፕሬፕና ፔፕ

ሁለቱን አታምታቱ። ፕሬፕ ቀድመህ የምትወስደው የኤችአይቪ መከላከያ ነው። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፣ በየሁለት ወሩ የሚወጉት መርፌም አለ። በፈረንጆቹ ከ2025 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚወጉት መርፌም ተፈቅዷል።

ትኬት በቆረጣችሁ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ። ክኒኑ ለሴት ልጅ ሙሉ ጥበቃ እስኪሰጥ 21 ቀን ገደማ በየቀኑ መወሰድ አለበት። ቦሌ አርፎ መጀመር አርፍዶ መጀመር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ኤችአይቪ፣ ኩላሊትና የጉበት ቫይረስ ቢ ትመረመራላችሁ። የጉበት ቫይረስ ካለባችሁ ክኒኑን በራሳችሁ ሥልጣን እንዳታቆሙ፣ ጉበታችሁ ሊቆጣ ይችላል። ኮንዶምም አይቀርም፤ ፕሬፕ ጨብጥና ቂጥኝን አያቆምም፣ እርግዝናንም እንደዚያው።

ፔፕ ደግሞ ኤችአይቪ ሊያስይዝ የሚችል ነገር ከሆነ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ ነው። ኮንዶም ሲቀደድ፣ ሰው ሲደፈር፣ ሰክረህ ምን እንዳደረግህ ሳታውቅ ስትነቃ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ማታ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ። ከዘመድ ክኒን ለምኖ መዋጥም ሕክምና አይደለም። እሱንም ያደረገ አይቻለሁ።

3. አስተርጓሚውን ስለምትፈሩት

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። ስንቴ ነው ክፍሉ ውስጥ ስገባ የአገሬ ልጅ አይቶኝ ፊቱን ያዞረው! «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ይላል። አይችልም። ሐኪሙ «መቼ ነው ግንኙነት ያደረግኸው?» ሲለው «የስ» ብሎ ይመልሳል። ለምን? እኔ ቤተክርስቲያን ሄጄ የማወራበት መስሎት ነው። እድር ላይ የማነሳው መስሎት።

አስተርጓሚ ምስጢር ቢያወጣ ከሥራ ሊባረር፣ በሕግም ሊጠየቅ ይችላል። ካላመናችሁት ደግሞ የስልክ አስተርጓሚ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሌላ ግዛት ያለ ሰው ይመጣላችኋል፣ ፊታችሁን አያይም። ስማችሁን ለእሱ የመንገር ግዴታ የለባችሁም። ይህን የነገራችሁ ሰው የለም፣ አውቃለሁ። እኛ እርስ በርስ የምንነግረው የርካሽ ትኬት ወሬ ብቻ ነው።

ይሉኝታው ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ይህች ከተማ ናዝሬት ስትባል ነው የማስታውሳት። በየሰፈሩ ድንኳን ነበር። ማንም ስሙን አይጠራውም፤ «ሳንባ ነው» እንባባል ነበር። ነጻ መድኃኒት የተጀመረው በ1997 ነው፤ ከዚያ በፊት የቀበርናቸውን እግዚአብሔር ይቁጠራቸው። ያ ፍርሃት ሻንጣችን ውስጥ ገብቶ አብሮን ተሻገረ። መድኃኒቱ መጣ፣ አፋችን ግን አልተከፈተም።

4. የወንድሜ ልጅ

አስፈቅጄው ነው የምጽፈው።

ለሠርግ አብረን መጥተን ነበር፣ እሱም እዚያው ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። አርብ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ሲነጋ ገባ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቦሌ ስንሄድ፣ በፈጣን መንገዱ ሞጆን ልናልፍ ስንል፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለኝ። «ትናንት ማታ...» ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። ሽታው ገና ከላዩ ላይ አልጠፋም ነበር። ስለ መጠጥ፣ ስለ አባቱ ስም፣ ስለ ሠላሳ ዓመት ወንድ አለማግባት፣ እስከ ቦሌ ድረስ ሰበክሁት። እሱ መስኮቱን ያያል። አውሮፕላን ውስጥም ጎን ለጎን ተቀምጠን 17 ሰዓት ያህል በረርን። አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ልትለኝ ነበር?» አላልኩትም።

እሁድ ጠዋት አረፍን። እስከ ሰኞ ሌሊት ጊዜ ነበረው። ሰኞ ጠዋት እኔ ሥራ ገባሁ፤ የዚያን ቀን ለአንዲት የአገሬ ልጅ ምን እንዳስተረጎምኩ ታውቃላችሁ? ፔፕ። ባለ ትዳር ናት፣ ኮንዶም ተቀዶባት። ሐኪሙ «72 ሰዓት» ሲል እኔው ነኝ በአማርኛ ደግሜ የነገርኳት። የወንድሜ ልጅ በመኪና 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ተኝቶ ነበር።

ያወቅነው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ዛሬ ደህና ነው። ማታ 2 ሰዓት ሲል ስልኩ ይጮህና አንድ ክኒን ይውጣል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል፤ እንዲህ የሆነ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። ሚስቱ ነጻ ናት፣ ልጃቸውም ነጻ ናት። አምና ለገና ሦስቱም አዳማ መጥተው ነበር። እንደገና በዚያው መንገድ ሸኘኋቸው። ሞጆ ላይ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረግሁና «ያኔ ልትለኝ የነበረውን አሁን ንገረኝ» አልኩት።

«ፋርማሲ ጋ እንድትቆምልኝ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ።