እጥፍ ደመወዝ ስንት ብር ነው?

«25 ዓመቴ ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ እዚያው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ የጅምላ ንግድ ቤት ሂሳብ ከያዝኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 11 ሺህ ብር ነው። አዘዞ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ለቤት 3 ሺህ እሰጣለሁ፣ ታክሲ 1,200፣ ምሳ 2,500 ይወስድብኛል። አሁን አዲስ አበባ አንድ የኦዲት ድርጅት በተጣራ 21 ሺህ ሊቀጥረኝ ነው። እናቴ ‹ጤና ካለ ገንዘብ ምን ያደርጋል› ትላለች። እኔ ግን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የቢሊየነር ወሬ ሳይ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ይመስለኛል። ለመሆኑ ገንዘብ ኑሮን ያሻሽላል? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

እህቴ፣ «ከንቱ» ያልሽው ቃል አሳዝኖኛል፤ ከእሱ ልጀምር።

ዓለምን 100 ሰው የተጠራበት ድግስ አድርጊው። 100 እንጀራ ቀርቧል። አሥሩ ሰዎች 76ቱን አነሱ። አርባው 22ቱን ይካፈላሉ። የቀሩት ሃምሳ ሰዎች በሁለት እንጀራ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። የ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም የሀብት ልዩነት ሪፖርት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ሀብት የሚባለው ደመወዝ አይደለም፤ ቤት፣ መሬት፣ አክሲዮን፣ ቁጠባ ነው። ይህ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገር ነገር ነው። በገቢም ቢሆን የት አገር ተወለድሽ የሚለው ብዙውን ይወስነዋል። አዘዞ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ኦስሎ ላይ አውቶቡስ ከሚነዳው ያነሰ አይለፋም። ክፍፍሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። ግን ያ የአንቺ ስንፍና ማስረጃ አይደለም። ለልፋትሽ መለኪያ አድርገሽ አትያዢው።

እናትሽን በተመለከተ፣ በግማሽ ልክ ናቸው። «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና የኢኮኖሚ ተመራማሪው አንገስ ዲተን በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ነው። የዕለት ስሜት ከገቢ ጋር ከፍ እያለ ሄዶ በዓመት 75 ሺህ ዶላር ገደማ ላይ ይቆማል ይላል። እዚያው ጥናት ላይ ያለው ሌላው ነገር ግን ብዙም አይወራም። ገቢ ሲያንስ በሽታው፣ ፍቺው፣ ብቸኝነቱ ይብሳል። ሕመሙ አንድ ነው፤ ደሃ ቤት ሲገባ ግን ይከብዳል። በኋላም ካህነማን ተቃራኒ ውጤት ካገኘ ተመራማሪ ጋር አብሮ ሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ለአብዛኛው ሰው ስሜቱ ከዚያ በላይም ከፍ ማለቱን ይቀጥላል። የሚቆምባቸው በጣም የተከፉት ጥቂቶች ናቸው፤ እሱም 100 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲደርሱ። ይህ ሁሉ የአሜሪካ ቁጥር ነው። አንቺና እኔ ከዚያ ጣሪያ በጣም ሩቅ ነን። ስለዚህ ብር መፈለግሽ ነውር አይደለም፤ አትፈሪው።

ከነዚህ ጥናቶች ለአንቺ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ሰው ገቢውን የሚያጣጥመው በእጥፍ ነው። ከ10 ሺህ ወደ 20 ሺህ የሄደ ሰው የሚሰማው ለውጥ ከ100 ሺህ ወደ 200 ሺህ ከሄደው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ «እጥፍ» የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። እውነት እጥፍ ከሆነ ማለቴ ነው።

እስኪ እንደ ሂሳብ ባለሙያ አብረን እንደምር። ጎንደር ላይ ከ11 ሺው 6,700 ወጥቶ 4,300 ይተርፍሻል። አዲስ አበባ ደግሞ እዚያ የሄዱ፣ ያማከርኳቸው ልጆች በሚነግሩኝ ዋጋ ልያዘው፦ አንድ ክፍል 7 ሺህ፣ ምግብ 6 ሺህ፣ ትራንስፖርት 1,500። ለእናትሽ የምትሰጪው 3 ሺህ አይቀርም። 17,500 ሆነ። የሚተርፍሽ 3,500 ነው። ደመወዙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የሚተርፍሽ ግን ቀነሰ። ይህ ገና ለበዓል የምትመጪበትን አይጨምርም። የጥምቀት ሰሞን የአውሮፕላኑንም የአውቶቡሱንም ወረፋ ታውቂዋለሽ።

በደመወዝ መክፈያው ላይ የማይጻፍም አለ። እናትሽ ቢታመሙ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ እድሩ፣ ቡና የምትጠጪባት ቤት። ለአዲስ ሠራተኛ አዲስ አበባ ላይ ይህን ማበጀት ዓመት ይፈጃል።

እንግዲህ ቅሪ ልልሽ መሰለሽ? አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ከ21 ሺው ይልቅ ዓይኔን የሳበው «ኦዲት» የሚለው ቃል ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲያዘጋጁ ግዴታ መጥቷል። ይህን በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው የትም ይፈለጋል። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ደረሰኝ ማስገባት ብቻ የሚያውቅ ግን በብዛት አለ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ጥሩ ይከፍላል ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ሦስት ዓመት ደረሰኝ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። በወጣሁ ጊዜ፣ ስገባ ከማውቀው ላይ የተጨመረ ነገር አልነበረኝም። ያ ሦስት ዓመት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወደ ድርጅቱ ደውይና ጠይቂ። ደንበኛ ጋ ሄጄ ኦዲት እሠራለሁ ወይስ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት አደራጃለሁ? ከማን ሥር ሆኜ ነው የምማረው? በሁለተኛው ዓመት ደመወዙ ስንት ይሆናል? ለመስክ ሲልኩሽ አበል እንዳለም መጠየቅ አትርሺ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ሂጂ፤ መጀመሪያው ዓመት ትንሽ ቢተርፍሽም ሂጂ። መልሱ ከተድበሰበሰ 21 ሺህ ብሎ የሚጠራሽ ቁጥር አያታልልሽ።

የአሁኑን አሠሪሽንም ሳታናግሪ አትልቀቂ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲከፈት ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 አልፏል። ከዚያ ወዲህ የዕቃቸውን ዋጋ ስንት ጊዜ እንደቀየሩ መዝገቡ አንቺ ጋ ነው። የአንቺ ደመወዝ ስንት ጊዜ እንደተቀየረም ታውቂያለሽ። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ በአክብሮት ጠይቂ።

የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ የእናትሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታደሱን አረጋግጪ። ወንድምሽንም ክሊኒክ የሚወስዳቸው እሱ መሆኑን ቁጭ አድርገሽ ንገሪው። «ጤና ካለ» ያሉት እናትሽ ናቸው፤ ያ ጤና እንዲኖር የሚከፈለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ድርጅቱ የሚሰጥሽን መልስ ይዘሽ እንደገና ጻፊልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እንደገና እንሠራዋለን።