ለአባባ «ሪህ ነው» ብለናቸዋል

ጥያቄ፦ አባባ 74 ዓመታቸው ነው። ከደሴ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የፕሮስቴት ካንሰሩ ወገባቸውና ዳሌያቸው አጥንት ውስጥ ገብቷል። የሆርሞን መድኃኒቱም ኬሞውም እምቢ አለ። አሁን ሐኪሙ ፕሉቪክቶ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ ጨረር አዟል። ችግሩ፣ ካንሰር መሆኑን አልነገርናቸውም። «ሪህ ነው» ብለናቸዋል። ከመርፌው በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን እንዳያቅፉ ተብሏል። ምን ብለን እንሸፋፍነው? በማሽን የሚሰጠው ጨረርስ አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን መርፌ ከሚሰጡት አንዷ ነኝና ከቀላሉ ልጀምር።

በማሽን የሚሰጠው አንድ ቦታ ለሚጠዘጥዝ አጥንት ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ቀን በሚሰጥ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሕመሙ ጋብ ይላል። እዚህም እዚያም ለተበተነ ግን ሁሉንም እያነጣጠሩ መምታት አይቻልም። ፕሉቪክቶ ራሱ ፈልጎ ይሄዳል። የካንሰሩ ሴል ላይ ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ መድኃኒቱ እሱ ላይ ይለጠፋል፣ የተሸከመው ሉቴቲየም 177 የሚባል ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር ደግሞ እዚያው ይመታል። ዋናው ጨረር የሚጓዘው ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሁለት ጤፍ ፍሬ ያህል።

ታዲያ ማቀፍ ለምን ተከለከለ? ሉቴቲየም ጋማ የሚባል ሌላ ጨረርም በትንሹ ይረጫል። ጋማ ደግሞ ከሰውነት አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ከልጆች ለ7 ቀን ያህል አንድ ሜትር ራቅ ማለት፣ ለብቻ መተኛት። ሽንትም ላይ ስለሚወጣ ቁጭ ብለው ይሽኑ፣ ውሃ ደጋግመው ይልቀቁ። የቀኑን ቁጥር ሆስፒታላችሁ በሰጣችሁ ወረቀት ተከተሉ።

አሁን ወደ ሪሁ።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጃቸው «ቫይታሚን ነው» ብሎ አመጣቸው። መድኃኒቱ ከእርሳስ ማዕድን በተሠራ ከባድ ዕቃ ውስጥ ሆኖ መጣ። ጓንት ደራርቤ አጠለቅሁ። መስመሩን አገናኝቼ ከመከለያው ጀርባ ስቆም አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቫይታሚን ከሆነ አንቺ ምን ያሸሽሻል?» አሉኝ። ልጁ መሬት መሬት አየ። እሳቸው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብለው ነው ዝም ያሉት!

የእናንተ አባትም ሳይጠረጥሩ አይቀሩም። ባይጠረጥሩም መርፌው በየ6 ሳምንቱ፣ እስከ 6 ጊዜ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ከየመርፌው በኋላ ለሳምንት ምን ሪህ አያቱን ከልጅ ልጁ ይለያል? ደግሞ ፈቃዳቸውን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ የሆስፒታሉ አስተርጓሚም የተባለውን ሁሉ ነው የሚተረጉመው። ከማያውቁት ሰው አፍ ከሚሰሙት ከአንቺ ይስሙት። ሐኪሙ እየሰማ፣ በአማርኛ።

ሲነገራቸው ሳይቀነስ ይሁን። ይህ ነቅሎ የሚያድን ሕክምና አይደለም። በ2021 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ እንደ አባባ ሆርሞንና ኬሞ የሞከሩ ሰዎች መርፌው ሲጨመርላቸው በመካከለኛ ግምት 15.3 ወር ኖሩ፤ ያልተጨመረላቸው 11.3 ወር። አራት ወር ነው ልዩነቱ። ያንን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳልፉት የሚወስኑት እሳቸው ይመስሉኛል።

አፍ ይደርቃል፣ ከ10 ሰው 4ቱን ገደማ። ቆሎ እንኳ አይወርድላቸውም፤ ወጡን ቀጠን አድርጊው። ጾም ቢሆንም የመርፌው ቀን ውሃ በደንብ መጠጣት አለባቸው፤ ይህን ከሃይማኖት አባታቸው ጋር አስቀድመው ይጨርሱ። ደም በየጊዜው ይመረመራል።

ለበዓል ደሴ መሄድ ካሰቡ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ያዙ። የአየር ማረፊያ የጨረር መቆጣጠሪያ ከሳምንታት በኋላም ሊጮህባቸው ይችላል። ፖሊሱ «ምን ታክመው ነው?» ሲላቸው ሽማግሌውን «ሪህ» አታስብሏቸው።