ምዕራፍ ሦስት ለተመለሰባት እህታችን

"አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሦስት ለሦስተኛ ጊዜ መለሰብኝ፤ ሜቶዶሎጂ (ጥናቱ የተሠራበትን መንገድ) ሳይሆን የቃላት ትርጉም ነው የጻፍሽው አለኝ፤ ምን ላድርግ?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን። ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። እኔም ፒኤችዲዬን የጨረስኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ይሄው ምዕራፍ ነው ያሰቃየኝ። የሠራሁት በገጠር አባወራዎች የምርጥ ዘር አጠቃቀም ላይ ነው። ያንቺም ቤት ለቤት የሚሞላ መጠይቅ ከሆነ ብዙ አንለያይም።

1ኛ. ትርጉሞቹን በሙሉ አውጪ። "ናሙና ማለት"፣ "ገላጭ ጥናት ማለት" የሚለውን ፈታኞችሽ ያውቁታል። የእኔ ምዕራፍ 48 ገጽ ነበር። ትርጉሙን ሳወጣ 23 ቀረ። ምን እንደጎደለው የታየኝ ያኔ ነው።

2ኛ. ፕሮፖዛልሽን ገልብጠሽ "ይደረጋል" የነበረውን "ተደርጓል" እያልሽ አትለፊ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው፤ በደንብ ልንገርሽ።

ፕሮፖዛሌ አራት ቀበሌ፣ 2,400 አባወራ ይላል። የናሙና ብዛት በሚሰላበት በያማኔ ቀመር በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 343 ናሙና ይወጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ 2,400ን ለ7 (1 + 2,400 × 0.05 × 0.05) አካፍይው። ስሞቹ ከቀበሌ መዝገብ በዕጣ ይወጣሉ ይላል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ግሱን ብቻ ቀየርኩና "በዕጣ ወጥተዋል" ብዬ ጻፍኩ። ዕጣውስ ወጥቷል። መስክ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው።

መዝገቡ ጠርዙ የተበላ ባለመስመር ደብተር ነበር። አንዳንዱ ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ አጠገቡ "ሞተ" ወይም "ሄደ" ይላል። ያልተሰረዙትም ቢሆኑ ሁሉም አልተገኙም። መረጃ ሰብሳቢዎቼ ጎበዝ ልጆች ነበሩ፤ የምከፍላቸው ግን በሞሉት መጠይቅ ልክ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰውዬ ቤቱ ከገደሉ ማዶ ከሆነ፣ ሄደው ካጡት፣ ሲመለሱ መንገድ ዳር ያገኙትን ይጠይቃሉ። ማታ "ተክተናል" ይሉኛል። እሺ እላለሁ። አንዱንም አልመዘገብኩም።

ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት ማቅረቢያ) ላይ የውጭ ፈታኙ ቀመር አልጠየቁኝም። አንድ ሠንጠረዥ ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉበት። "ከአባወራዎችህ ግማሹ ከመኪና መንገድ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይኖራል ትላለህ። አካባቢውን አውቀዋለሁ፤ ገደል ነው። ስንት ሰው ተተካ? ማን ወሰነ?" መልስ አልነበረኝም። ቁጥሩን ራሴም አላውቀውም።

ሥራው ለከባድ ማስተካከያ ተመለሰ። ስድስት ወር ሄደ፤ የመኪናውም፣ የአበሉም ወጪ ከኪሴ ነበር። እሱ ሳያንስ የድሮው የትብብር ደብዳቤ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። ከዩኒቨርሲቲው አዲስ አጽፌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰው ሳያነበው በጣቱ ገፋ አደረገውና "ለእኛ አልተጻፈም" አለኝ። "ለሚመለከተው ሁሉ ይላል እኮ" ብለው ቀና ብሎም አላየኝ። በዚህች አንዲት መስመር 19 ቀን ተመላለስኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ደብዳቤሽን ለዞኑም ለወረዳውም ለቀበሌውም በየስማቸው አጽፊ። ቁጥርና ቀን መያዙን፣ ማህተሙ በደንብ ማረፉን እዚያው ቆመሽ እይ።

ከዚያ በዕጣ የወጡትን ስሞች ከተሞሉት መጠይቆች ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። የተተኩት 58 ሆኑ። ከ343 ውስጥ 17 በመቶ ማለት ነው። ዋናዎቹን ፍለጋ ራሴ በእግሬ ወጣሁ፤ 41ዱን አገኘኋቸው። እነዚህ ሰዎች የመኪና መንገድ ለመድረስ በአማካይ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሄዳሉ። በነሱ ፋንታ የተጠየቁት ግን 15 ደቂቃ። በመጀመሪያው ትንተናዬ የመንገድ ርቀት በምርጥ ዘር አጠቃቀም ላይ ለውጥ አያመጣም ብዬ ነበር። 41ዱን ሳስገባ ውጤቱ ተገለበጠ። ዛሬ የጥናቴ ዋና ግኝት እሱ ነው፤ በእግሬ ስላመጣሁት እኮራበታለሁ።

ስለዚህ ምዕራፍሽ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ይኑር። በየቀበሌው በዕጣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተገኘ፣ ያልተገኘው ለምን፣ ስንት ተተካ፣ በምን ደንብ። ከሥሩ ይህ ውጤትሽን ወዴት ሊያዘነብለው እንደሚችል ጻፊ። ድክመቴን አሳየሁ ብለሽ አትፍሪ። ሁለተኛ ስቀርብ እኚያው ፈታኝ ያንን ገጽ አንብበው ወደ ምዕራፍ አራት ተሻገሩ፤ ሌላ ጥያቄ አላነሱም። አራቱን ቀበሌ ራስሽ መርጠሽ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ወረዳውን በሙሉ ይወክላል አትበይ። ያማኔ ከዚያ አያድንሽም።

3ኛ. የሙከራ መጠይቁን "በ30 ሰው ተሞክሯል፤ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸው የሚለካበት ቁጥር) ከ0.7 በላይ ነው" ብለሽ አትዝጊው። ምን እንደቀየርሽ ጻፊ። እኔ "ዘንድሮ ስንት ማዳበሪያ አገኙ?" ብዬ ነበር። አንድ አባት ጎተራቸውን አየት አድርገው "አሥራ አንድ ማዳበሪያ ማሽላ፣ ሦስት ማዳበሪያ ጤፍ" አሉኝ። ለካ እኔ ስለ ዩሪያ ስጠይቅ እሳቸው ጆንያ ነው የቆጠሩልኝ። ጥያቄውን "ዩሪያ ስንት ኪሎ ተጠቀሙ?" ብዬ ለወጥኩት። ይህን ከነምክንያቱ አንድ አንቀጽ ጻፍኩበት፤ አማካሪዬ ከምዕራፉ ሁሉ የወደደው እሱን ነው።

አሁን ሌላውን ሁሉ ተዪውና በሠንጠረዡ ጀምሪ። የተተኩት ስንት እንደሆኑ ካላወቅሽ ዛሬውኑ ለመረጃ ሰብሳቢዎችሽ ደውይ፤ ሥራ አግኝተው ሳይበተኑ። የእኔን ሠንጠረዥ ከፈለግሽው በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።