ማሾዬን የሚበላው የጎረቤት ፍየል ነው?

ጥያቄ፦ «ማሳዬ ከኮምቦልቻ በላይ፣ ከየጎፍ ደን ግርጌ ነው። የማሾው ቡቃያ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ያድራል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ቀንድ የሌላት ግልገል ነገር ስትሮጥ አየሁ። የጎረቤቴ ናት ብዬ ተጣልተናል። መርዝ ላስቀምጥ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ከጎረቤትዎ ይታረቁ። ፍየል ሌሊት በረት ነው የሚያድረው፤ ቢያመልጥ ደግሞ ጫፍ ቀንጥሶ አይመለስም፣ ማሳውን ያወድመዋል። እኔ የምጠረጥረው ሚዳቋን ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ የላትም፤ እስከ ትከሻዋ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነች በጭላንጭል ግልገል ትመስላለች። ጥንቸል ቢሆን አገዳው በምላጭ የተቆረጠ ያህል ሰያፍ ይሆን ነበር። ሚዳቋ ግን ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌላት ቦጭቃ ትወስዳለች፣ የቀረው ጫፍ ይተለተላል። ሰስ የሚባለው የገደል አውሬ ደግሞ ከገደሉ እምብዛም አይርቅም።

ማረጋገጫው የምድጃ አመድ ነው። አጥሩ የሳሳበትን፣ ሣሩ የተኛበትን ቀዳዳ ይፈልጉ። ምሽት 12 ሰዓት ላይ እዚያ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር መሬት ይደልድሉና የተነፋ አመድ ጣት በማይሞላ ውፍረት ይበትኑ። ሰማዩ ከጠቆረ አመዱ ጭቃ ይሆናልና ይተዉት፤ የረጠበውን አፈር በእጅ ማስተካከል ይበቃል። ጠዋት ሲሄዱ ከዳር ቆመው ይዩ። የሚዳቋ ዱካ ሁለት ጠባብ፣ ጫፋቸው የሾለ ቅጠል ይመስላል፤ ርዝመቱ ከክብሪት ቀፎ ያንሳል። የፍየል ሰፋ ያለና ጫፉ የደነዘ ነው። በጠጧም ከፍየል ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ልቆጣዎ። ስንቱ ገበሬ በማለዳ ውሻና ከብት አስከትሎ ገብቶ ዱካውን ከደመሰሰ በኋላ «ምን አውሬ እንደሆነ አላወቅሁም» ይላል!

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ንፋሱ ከደኑ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በኩል ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡ። ግራጫ ጀርባ፣ አፍንጫዋ ላይ ጥቁር መስመር፣ አናቷ ላይ ቁጥር ያለ ጸጉር ካዩ እሷ ናት። ስትደነግጥ መጀመሪያ ድርቅ ትላለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ወዲያ ወዲህ እያለች ቁጥቋጦ ውስጥ ትጠልቃለች።

መርዙን ይተዉት፤ የራስዎን ውሻና ጥንብ አንሳውን ይፈጃል። ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ ያስጠይቃል። ሚዳቋ ከመዝለል ሾልኮ መግባት ስለሚቀናት ቀዳዳውን ከመሬት ጀምረው በእሾህ ይድፈኑት፣ እሾሁን ወደ ውጭ አዙረው፣ ግንዱን በችካል ቸክለው። ከዚያ አመዱን ሁለት ሌሊት ደግመው ያንጥፉ፤ ዱካው በሌላ ጎን ከዞረ ያንንም ይድፈኑ።