ዛጎል ይኖራል ወይ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የማስተምር የሳይንስ መምህር ነኝ። ስለ አንድ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ለተማሪዎቼ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ዛጎል በባሕር ዳር ይኖራል፤ ቅርፊቱ ጥርስ አለው» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ቅርፊት» የሚለውን ቃል አልወደደውም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ መምህር፣ ባልደረባዎ ልክ ነው። ቅርፊት የምንለው የሚላጠውን ወይም የሚራገፈውን ነው፤ የዛፍ፣ የእንቁላል፣ የቁስል። ቀንድ አውጣ ግን ዛጎሉን አውልቆ አይጥልም። ከገዛ አካሉ ያበጀዋል፤ አብሮት ያድጋል።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ «ይኖራል» የሚለው ነው። የሚኖረው እንስሳው እንጂ ዛጎሉ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምለው ለተማሪዎቹ ብዬ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ ዛጎልን የሚያውቀው አንቀልባ ላይ ተሰፍቶ ነው። ያውም ቆዳው ላይ ልጥፍ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ ጉብ ያለው ጀርባው ተቆርጦ ይወጣል። የሚታየው የዛጎሉ አፍ ብቻ ነው። ውስጡ ሕይወት እንደነበረ ልጁ በምን ይወቅ? ስለዚህ ባለቤቱን በስሙ ይጥሩት፦ ቀንድ አውጣ። ስሙም ይስማማዋል፤ ይህ የባሕር ቀንድ አውጣም ሁለት ቀንድ መሳይ መዳሰሻዎች አሉት።

«ጥርስ» ይቆይ፤ ግን ይብራራ። ቀንድ አውጣው ገና ትንሽ ሳለ የዛጎሉ ከንፈር ስስ ነው። ሲጎለምስ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። የዛጎሉ አፍ ጠባብ ስንጥቅ ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ጥርስ ጥርስ ያወጣል። በዚህ ጥርስ ምንም አይታኘክም። እንስሳው አልጌ የሚፍቅበት ሌላ፣ ምላስ መሳይ ሸካራ አካል አለው። ስለዚህ «አፍ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «የዛጎሉ አፍ» ወይም «የእንስሳው አፍ» ይበሉ።

«በባሕር ዳር» የሚለውንም ይለውጡት። ተማሪው ቶሎ የሚመጣበት ጣና ዳር ያለችው ከተማ ናት። ይህ እንስሳ ደግሞ ያለ ጨው ውሃ አይኖርም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ይህ ትንሽ ቀንድ አውጣ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ፣ ጥልቀት በሌለው ጨዋማ ውሃ፣ በድንጋይና በኮራል ሥር ይኖራል። ዛጎሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጎንና ጎኑ ጎርበጥ ያለ ነው። የዛጎሉ አፍ ጠባብና በሁለቱም በኩል ጥርሳም ነው።»