ስለ ሥራ አውደ ርዕይ ጠይቁኝ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ጋሽ ሙሄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። አውደ ርዕይ ላይ ሲቪ ስቀበል ኖሬያለሁ። ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር፦ ኦርጅናል ማስረጃችሁን ለማንም አትስጡ። «ለምዝገባ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ጥላችሁት ሂዱ።

የቦርከና ልጅ፦ ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?

ጋሽ ሙሄ፦ ሲቪ በርከት አድርገህ፣ የዲግሪና የትራንስክሪፕት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ እስክሪብቶ። ኦርጅናሉ አሳይተህ የምትመልሰው ነው።

ጦሳ ሥር፦ ሥራ እንዴት ነው የሚገኘው?

ጋሽ ሙሄ፦ ይሄን እንዴት ልመልሰው? ምን ተማርሽ? ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ? እሱን ይዘሽ ተመለሺ።

ዘቢባ፦ በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ነው የምመረቀው። ጓደኞቼ ሁሉ የሚሰለፉት ባንኮቹ ጋ ነው። እኔስ የት ልሂድ?

ጋሽ ሙሄ፦ ተባረኪ፣ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ባንክ ጋ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል፣ የፋብሪካው ሰው ግን ብቻውን ይቀመጣል። ሁሌ ያናድደኛል። ኮምቦልቻ እኮ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ አለ። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው።

የሚመጡትን ድርጅቶች ዝርዝር ቀድመሽ ጠይቂ። ሦስት ምረጪ። ክር ነው የሚፈትሉት ወይስ ልብስ ይሰፋሉ? ለውጭ ነው ለአገር ውስጥ? በስንት ፈረቃ ይሠራሉ? ይሄን አውቀሽ ሂጂ።

በጠዋት ድረሺ። ከሰዓት ሰዉ ይደክመዋል፣ አንዳንዱም ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ጠረጴዛው ጋ ስትደርሺ «ክፍት ቦታ አለ?» ብለሽ አትጀምሪ። «የምርት ክፍል ሰው አብሯችሁ መጥቷል?» በይ። እኔ ሲቪ እቀበል ነበር እንጂ መሐንዲስ የሚመርጠው የምርት ኃላፊው ነው። ካገኘሽው ስፌት መስመሩ ላይ ሥራ የሚያጓትተው የትኛው ደረጃ እንደሆነ ጠይቂው። የመስመሩን ምርት የሚወስነው በጣም ቀርፋፋው ደረጃ ስለሆነ ሁሌም የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ከዚያ ኢንተርንሺፕ ላይ ያየሽውን ንገሪው። የትኛው ማሽን ይቆም ነበር? ለምን? ስሙንና ስልኩን ጽፈሽ ያዢ። በማግስቱ ያወራችሁትን ጠቅሰሽ አጭር መልእክት ላኪለት።

ሐረጎ፦ የፋብሪካ ደመወዝ ትንሽ ነው! ደሴ ሆኖ መመላለስም አይቻልም። መንገዱ ላይ ሐረጎ ተራራ ጭጋግ ሲወርድበት መኪና አይንቀሳቀስም።

ሮቢት፦ ወንድሜ ይመላለሳል እኮ። ሰርቪስ ያለው ድርጅት መምረጥ ነው።

ሐረጎ፦ የሌሊት ፈረቃስ? ቤት ካልተከራየ አይሆንለትም።

ሮቢት፦ ቤት ኪራይ ደሴም አለ።

ጋሽ ሙሄ፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ስለ ፈረቃና ስለ ሰርቪስ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጠይቁ። ነውር የለውም።

የቦርከና ልጅ፦ ሱፍ ግድ ነው?

ጋሽ ሙሄ፦ አይደለም። ንጹሕ ሸሚዝ ይበቃል።

ጦሳ ሥር፦ ተመለስኩ። አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። አንዱ ድርጅት ሙከራ ላይ ስድስት ወር ትቆያለሽ አለኝ። ልክ ነው?

ጋሽ ሙሄ፦ ጎሽ፣ አሁን ጠየቅሽ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ።

ሐረጎ፦ ያለ ዘመድ ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

ጋሽ ሙሄ፦ ማንንም ሳላውቅ፣ ማንም ሳይደውልልኝ፣ ጥሩ ስላወሩ ብቻ ስማቸውን አስምሬ ለኃላፊ ያቀረብኳቸው ልጆች አሉ። እሱን ነው የማውቀው።

አዲስ ገቢ፦ ኦርጅናሉን እኛ ጋ ትተህ ሂድ ቢሉኝስ?

ጋሽ ሙሄ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ ልጄ! አትስጥ። ኮፒ ስጥና ሂድ።