መልስ፦ ግንድ ላይ በመንጋ የሚሄዱት ነፍሳት
ቴክሳስ ግቢህ ያለው የኦክ ዛፍ ላይ የሚርመሰመሱት ቅማል ናቸው ወይ፣ ዛፉንስ ይገድላሉ ወይ ብለሃል። እንደገለጽካቸው ከሆነ ሴራስቲፕሶከስ ቬኖሰስ የተባሉት የቅርፊት ቅማሎች ይመስሉኛል። ቤተሰባቸው ፕሶሲዴ ነው። አይዞህ፣ ደም አይመጥጡም፣ ዛፉንም አይጎዱም። ምግባቸው ሻጋታ፣ አልጌና የሞተ ቅርፊት ነው። መድኃኒት ረጭተህ ብርህን አታባክን።

ቤተሰቡን የሚለየው ክንፉ ነው። አጉሊ መነጽር ካለህ አንድ ትልቁን ያዝና የፊት ክንፉን ሥሮች (እንደ ደም ሥር የተዘረጉትን መስመሮች) ተመልከት። ወደ ኋለኛው ጠርዝ አንዱ ሥር ተቆልምሞ ትንሽ ክፍል ይሠራል። በፕሶሲዴ የዚህ ክፍል ጫፍ ከመካከለኛው ሥር ጋር ይጣበቃል። ኬሲሊዩሲዴ በሚባለው ሌላ የቅርፊት ቅማል ቤተሰብ ግን ሳይነካው ለብቻው ይቀራል። ፊቱ ላይ ደግሞ ያበጠ ግንባር የሚመስል ነገር ታያለህ፤ ውስጡ የመምጠጫ ጡንቻ አለበት። ክንፉን እንደ ቤት ጣራ አጋድሞ ነው የሚያሳርፈው። ግልገሎቹ ክንፍ ስለሌላቸው በእነሱ አትድከም።

የራስ ቅማልስ? እሱም ዘመዳቸው ነው። ድሮ ለየብቻ ይመደቡ ነበር፤ አሁን ሁሉም ሶኮዲያ በሚባል አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። እንዲያውም ለራስ ቅማል ይበልጥ የሚቀርቡት አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የምናገኛቸው ሊፖስሴሊዲዴዎች ናቸው።